ኮምባይነሩ ያልገባበት ማሳ

ኮምባይነር ለመጀመሪያ ጊዜ ከጌዶ ወጣ ብሎ ወዳለው የአክስቴ ቀበሌ ሲመጣ ከሁሉም ሰው በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። አምቦ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማሽን እወዳለሁ። ደግሞም ስንዴ በደረሰ ቁጥር ቅዳሜና እሁዴን ለአክስቴ ደቦ እሰጥ ስለነበር ማጭድ ወገብን ምን እንደሚያደርገው ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጠመኔ ሲወድቅብኝ ጎንበስ ብዬ ማንሳት ያቅተኝ ነበር፤ ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ስለዚህ ያ ማሽን የመንደሩ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን ማሳ ሻይ ተፈልቶ እስኪወርድ አጭዶ፣ ወቅቶና አበጥሮ በጆንያ ሲያወጣ ሳይ እንባዬ መጣ። ሰው የተማረው ለዚህ ነው አልኩ።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ እንደ አገሩ ልማድ አዳዳ እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿም ወጥተው ቀርተዋል። ያላት በገደሉ አፋፍ ላይ ያለች፣ ጥማድ እንኳ የማትሞላ መሬት ናት። ከዚያች መሬት የሚገኘው ስንዴ የዓመት ቀለቧም የከርሞ ዘሯም ነው። ሌላ ነገር የላትም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ባልደረቦቼ «ጓድ» ይሉኛል። ስሙ የወጣልኝ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር፣ ኮምፒውተርም ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ «ባለቤቱ ማነው?» ብዬ ስለምጠይቅ ነው። ጥያቄውን ያገኘሁት አባቴ ትቶልኝ ከሄደው ያረጀ መጽሐፍ ሲሆን እስከ ዛሬ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። አዳዳ ግን በዚህ ወሬ አትሸነፍም። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «አንተ የሁላችን ይሁን ትላለህ። ያኔ በአብዮቱ ጊዜ የሁላችን የተባለው ትራክተር የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ገበያ ሲያመላልስ ነው የኖረው። የእኔ ማሳ የታረሰው በበሬ ነው።» ልክ ናት። የሁሉም ተብሎ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ከገባ ከግል በምን ይሻላል? ይህን ብዬ ሳልጨርስ እሷ ወደ ዶሮዎቿ ዞረች።

የግብርና ባለሙያዋ ገበሬውን ሰብስባ ስለ ኩታ ገጠም አስረዳች። ሁሉም አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሳምንት፣ ድንበር ለድንበር ቢዘራ ማሽኑ ሳይቆም ያጭዳል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። አዳዳም ጎረቤቶቿ የዘሩትን ዘራች፤ ሁለት መኸር እንደተባለውም ሆነ። ደቦው የሞተው ያኔ ነው። ማንም አልገደለውም፤ የሚፈልገው ጠፋ እንጂ። ማጭዱ ጣሪያ ሥር ተሰክቶ ዛገ። ወጣቱም ግማሹ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ገባ፣ ግማሹ የት እንደገባ አይጠየቅም።

በሦስተኛው መኸር ነዳጅ ተወደደ፤ የሚመጣውም ማሽን አነሰ። የማሽኑን ባለቤት አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አዲስ አበባ ነው ይባላል። በእሱ ቦታ ሁለት ስልክ የያዘ ደላላ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደሚታጨድ የሚወስነው እሱ ነው። ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ስደርስ ኮምባይነሩ ከአዳዳ ጋር የሚዋሰነውን የባለጸጋ ጎረቤቷን ሰፊ ማሳ እያጨደ አገኘሁት። ስልኬ ደግሞ ማክሰኞ ከባድ ዝናብ እንዳለ ያሳያል። አዳዳ ጆንያዎቿን አጥፋ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ድንበሩ ላይ ቆማለች። ማሽኑ እየገሰገሰ መጣና እግሯ ሥር ሲደርስ ታጥፎ ተመለሰ።

ወደ ደላላው ሮጥኩ።

«ቲቸር፣» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ያቺ ብጣሽ ላይ ካስገባሁት መዞሪያ አያገኝም። ገደል ነው። ነዳጁም አያዋጣም።»

«ኩታ ገጠም የተባለው ለዚህ አልነበረም እንዴ?»

«እሱን ያሉት ሌሎች ናቸው። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

አዳዳ ደርሳ ከአጠገቤ ቆማ ነበር። «ማል ጎና ሬ? ታዲያ ምን እናድርግ?» አለችው። እሱ ስልክ አንስቶ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ።

የተናደድኩትን መናደድ ዛሬም አልጨረስኩትም። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ የሚነግረን ሳይንስ አለ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ስንዴውን የሚሰበስብ ሳይንስም እዚያው ዓይናችን ፊት እየጮኸ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው አንድ ደላላና አንድ የማይታይ ባለቤት ነው። ለዚያች ማሳ ግማሽ ሰዓት አይበቃም ነበር? ደግሞ ሰው ሁሉ «ቴክኖሎጂ ነው፣ ምን ይደረግ» ይለኛል። ቴክኖሎጂው ምን አደረገ? ብረት ነው፤ ወደ ጠመዘዙት ይሄዳል። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው የሚባለው ይህ ነው፤ መበለት ስለሆነች ነው የታጠፈባት።

እሁድ ደቦ ልንጠራ ወጣን። አዳዳ አፍራለች፤ ጠላ ሳይጠመቅ ደቦ አይጠራማ። በየደጁ «በባዶ እጄ መጣሁ» እያለች ለመነች። የመጡት ሦስት ሽማግሌዎችና ጠላ የማይቀምሰው ጴንጤ ጎረቤቷ ከነሚስቱ ናቸው። ማጭዱ ዶልዱሞ ስንዴውን ይነቅለዋል እንጂ አያጭደውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የድሮውን የደቦ ዘፈን ጀመረ፤ የሚቀበለው ሰው ቢያጣ ተወው። ሰኞ እኔ ክፍል ነበረኝ፤ አስፈቅጄ ቀረሁ። ማክሰኞ ስንት ሰዓት እንደጀመረ እንጃ፣ ስንነቃ ይዘንብ ነበር፤ ያለማቋረጥም ሰነበተ። ያልታጨደው አብዛኛው ስንዴ በቆመበት በቀለ። ዛላው አረንጓዴ ጭራ አወጣ። ከዚያ የተፈጨው ዱቄት ዳቦ ሲሆን መሃሉ አይበስልም፤ እንደ ሙጫ ይጎተታል። አዳዳ ያንን በላች። ለዘር የሚሆን አልተረፈም።

በሚቀጥለው ክረምት ዘር የሌላት ሴት ምን ታደርጋለች? መሬቷን ለባለጸጋው ጎረቤቷ በኮንትራት ሰጠች። እሱም መጀመሪያ ያደረገው ነገር ድንበሩን ማረስ ነበር። አምቦ ሆኜ ስሰማ ጮህኩባት፤ እበደርልሻለሁ፣ ዘር እገዛልሻለሁ አልኳት። «ዘሩን ትገዛለህ፤ ማሽኑንስ?» አለችኝ።

ለአጨዳው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ንዴቴን ላጠግብ ይሆናል። ያው ደላላ፣ ያው ኮምባይነር። ማሽኑ እየገሰገሰ መጥቶ ድንበር የነበረውን አለፈ፤ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ አጨደና ተረጋግቶ ዞረ። ዞረ! ለካስ መዞሪያ ነበረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ወደ ደላላው ልሄድ ስነሳ አዳዳ እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ከዚያ ቃርሚያ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ማሽኑን ተከትላ ወደ ማሳዋ ገባች፤ የወደቀ ዛላ እያነሳች ነጠላዋ ላይ ታጠራቅም ጀመር። ተከትያት ስደርስ አንዱን ዛላ በመዳፏ አሽታ፣ እፍ ብላ፣ ፍሬውን አሳየችኝ።

«አትናደድ ኢልመ ኮ» አለችኝ፣ «ዘንድሮ ዝናብ አልነካውም።»