ሌዘሩ ቡና አያደርቅም

ጊዜው ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገብቶላቸው እኛ መምህራን ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ የሆንንበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ስንት ግምገማ ተቀምጫለሁ፤ አብዛኛው ተረስቶኛል። ያቺኛዋ ግን እስከ ዛሬ ትዝ ስትለኝ ደሜን ታፈላዋለች።

ከፋ፣ ቦንጋ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ተምሬ የመመረቂያ ጥናቱ ብቻ ቀረኝ። ለእሱ የአንድ ዓመት ፈቃድ ያስፈልገኛል። ፈቃዱ የሚወሰነው ደግሞ በመምህራን ግምገማ ላይ ነው።

ሰብሳቢው አቶ አሰፋ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ፣ እንደ እኔው ደካ በምትባል የከፋ አገር የተወለዱ ሰው ናቸው። ርዕስሽን አስረጂን አሉኝ።

አስረዳሁ። እጅግ ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን አተም ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኑን መንጭቆ ያወጣዋል። የብርሃኑ ግፊት ግን ወዲያው አቅጣጫ ስለሚቀይር የወጣውን ኤሌክትሮን እንደ ዥዋዥዌ መልሶ ያመጣውና ከተለየው አተም ጋር ያላትመዋል። ኤሌክትሮኑ ተላትሞ ወዴት እንደተበተነ ካየን፣ አተሙ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የእኔ ሥራ መንገዱን በኮምፒውተር ማስላት ነው አልኳቸው።

«ለከፋ ምን ይሠራል?» አሉ አቶ አሰፋ።

«ለጊዜው ምንም» አልኩ።

ወይ ጉድ! አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ የአመለካከት ችግር አለባት አለ፤ ሌላው ተነሥቶ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው አለ። የማንን ኪራይ እንደሰበሰብኩ እግዜር ይወቀው። ርዕሱን ቀይሪና ግለሂስ አድርጊ ተባልኩ።

የሻይ ዕረፍት ላይ አቶ አሰፋ ወደ ጥግ ወሰዱኝና በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ አነጋገሩኝ። መድረክ ላይ በአማርኛ ሲቆጡ የነበሩት ሰውዬ እዚያ አባት ሆኑ።

«ልጄ፣ ምን ቸገረሽ? ሌዘሩ ቡና ያደርቃል ብለሽ ጻፊበት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዛሬውኑ እፈርምልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሌዘር ያረፈበትን ይበሳል እንጂ አያደርቅም።»

«ማን ሊያየው?» አሉኝ።

እውነቴን ነው፣ ልቤ ተንገዳገደ። ያንን ዲግሪ እንደ ነፍሴ ነበር የምፈልገው። ግን ተማሪዎቼን «ያላያችሁትን አትጻፉ!» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገ በየትኛው ዓይኔ ላያቸው ነው?

ተመልሰን ስንገባ ተነሣሁ። «አላጠፋሁም፤ ሂሱን አልወስድም። ሌዘሩም ቡና አያደርቅም» አልኩ። ቡናውን ማን እንዳነሣው ያልገባቸው ሳቁ። አቶ አሰፋ አቀረቀሩ።

የወላጆች ተወካይ የነበሩት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ተነሡ። «እኔ ከተናገረችው አንዲቱም አልገባችኝም። ግን መዋሸት ብትፈልግ ኖሮ መጀመሪያውኑ ቡና ትል ነበር። ትሂድ፣ ትማር» አሉና እጃቸውን አወጡ። ብቻቸውን ነበሩ። አንድም መምህር አልተከተላቸውም።

ፈቃዱ ተከለከለ። በማግሥቱ መልቀቂያዬን አስገባሁ። እናቴ «አበድሽ እንዴ!» ብላ አለቀሰች። አላበድኩም። አዲስ አበባ ጓደኛዬ ጋ ተጠግቼ፣ ዓመቱን እንደ ምንም ገፍቼ፣ ከርዕሴ አንዲት ቃል ሳልነካ ጨረስኩ።

ዛሬ እዚሁ ቦንጋ ተመልሼ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የአገልግሎት ዘመኔ ተቆርጦ ቀርቷል፤ አብረውኝ የጀመሩት በእድገት ቀድመውኛል። ይቆጨኛል? አንዳንዴ ያበግነኛል እንጂ! ግን ነገም ያ ስብሰባ ቢጠራ ያንኑ ነው የማደርገው። መልሴ ላይ ብቻ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ለከፋ ምን ይሠራል ላላችሁኝ ሰዎች፣ እኔም እኮ ከፋ ነኝ። ማወቅ ፈለግኩ፣ አወቅኩ።