ደብረ ማርቆስ የተላከው መረብ

በእኔ የልጅነት ዘመን ዳንግላ ውስጥ አሳ አጥማጅ ለጽዋ ማኅበር አይጠራም ነበር። የከተማው ወይዛዝርት የአክስቴን ደጅ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጥላሉ፤ ጾም ሲገባ ግን ሠራተኞቻቸውን በጓሮ በኩል እየላኩ ትልልቁን ያስመርጣሉ። በዚያች አክስት ቤት ስላደግሁ፣ ሰው የሚጸየፈውን እየበላ እንደሚኖር ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሲሞት የተወላት ሀብት በገዛ እጁ የሠራው አንድ የቃጫ መረብ ነው። ከላይ የቅል ስባሪ፣ ከታች የተበሳ ድንጋይ ታስሮበታል፤ ቅሉ ያንሳፍፈዋል፣ ድንጋዩ ያሰምጠዋል። እሷን ያኖራት፣ እኔንም ያስተማረኝ ይኸው መረብ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከገደል ሥር ተጠማዞ የሚረጋበት አንድ ጥልቅ ውሃ አለ። ክረምት ሲገባ አሳው ከታች ሽቅብ ሲወጣ እዚያ ያርፋል። የአክስቴ የዓመት ጉርስ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ላይ የቆመ ነበር፤ እነሱ ካለፉ የሚተርፈው ድፍርስ ጎርፍ ነው።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከዚያ ውሃ ማዶ የጦር ሰፈር ተተከለ። አዛዡ አንድ ሻምበል ነበር። ገና ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ በውሃው ዳር ሰሌዳ አቆመ፦ «ወታደራዊ ክልል፤ መቅረብ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ወደ ውሃው የሚወርደው ገበሬ አገውኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛ የሚያውቀውም ቢሆን ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ሰሌዳውን ማንበብ የሚችሉት ያቆሙት ወታደሮች ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ግማሾቹ።

ውሃው ምን የጦር ምስጢር እንደያዘ ከዳር ሆኜ በጥንቃቄ ተመልክቻለሁ። ወታደሮቹ የውስጥ ሱሪያቸውን ያጥቡበታል። የሻምበሉ በቅሎ ትጠጣበታለች። ከዚህ ሌላ ያየሁት ነገር የለም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ዘበኞች የአክስቴን መረብ ከነእርጥበቱ ጠቅልለው ወሰዱት። እኔ ለዕረፍት ስመጣ ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ወንዙም መሙላት ይዟል። አብረን ወደ ሰፈሩ ሄድን። ሻምበሉ ከወንበሩ አልተነሣም። አክስቴ እጅ ነሥታ፣

«ጌታዬ፣ መረቤን ብዬ ነው የመጣሁ። አሳው ሊወጣ ነው» አለችው።

«አሳው ሊወጣ ነው!» ብሎ አጠገቡ ወደቆመው አስር አለቃ ዞረ። «ሰማህ? አሳም እንደኛ ዘመቻ አለው!»

አስር አለቃው ሳቀ። አዛዡ ሲስቅ የሚስቅ፣ ሲያስነጥስ «ይማርዎ» ለማለት የሚሽቀዳደም ዓይነት ሰው ነበር።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ» አለ ሻምበሉ፤ «መረቡ የወንጀል ማስረጃ ነው። ማስረጃ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ይላካል። ተልኳል። እኔ ዘንድ የለም።»

«መቼ ይመለሳል?» ስል ጠየቅሁት።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«የወንድሟ ልጅ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።»

«እንግዲያው ተምረሻልና አንቺ አስረጃት። የጦር ሠራዊት ሥራ በአሳ ቀጠሮ አይሄድም።»

ስንመለስ አክስቴ፣ «ደብረ ማርቆስ አሳ አለ እንዴ?» አለችኝ።

«ያለ አይመስለኝም።»

«ታዲያ መረቤ እዚያ ምን ይሠራል?»

በሐምሌ፣ በንጉሡ የልደት በዓል፣ ሻምበሉ ከተማውን ወደ ሰፈሩ ጋበዘ። የወረዳው ገዥ ከዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ዝናቡ ለአፍታ አባርቷል፤ ጭቃው ግን ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በዚያ ጭቃ ላይ ወታደሮቹ መረብ ኳስ ሊያሳዩን ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረው የአክስቴ መረብ ነበር። ድንጋዮቹን ቆርጠው ጥለዋል። ቅሎቹን ጌጥ መስለዋቸው ይሆናል ትተዋቸዋል፤ ኳሱ በመታቸው ቁጥር ይንኳኳሉ።

አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው መካከል ገባች። ተጫዋቾቹ ቆሙ። መረቡን እየዳሰሰች፣ ዳሱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

«እንዴት ሰነበትህ? ከደብረ ማርቆስ መቼ ገባህ? መንገዱስ ደኅና ነበር?» አለችው።

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች ናቸው። ገዥው «ምን እያሉ ነው እኒህ ሴት?» ብለው ወደ ሻምበሉ ዞሩ። ሻምበሉ ከመዋሸት በቀር ሌላ የማፈግፈጊያ ስልት አልተማረም ነበርና፣

«ክቡርነትዎ፣ ለእኒህ ድሃ እናት የበዓል ስጦታ ይሆናል ብለን ያዘጋጀነው መረብ ነው» አለ።

ሰኔ ላይ «አንቺ ሴትዮ» የነበረችው ሐምሌ ላይ «እኒህ እናት» ሆነች። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አፍንጫቸውን የሚሸፍኑት ወይዛዝርት ከሁሉ ቀድመው። ገዥው ስለ ሠራዊቱ ደግነት ጥቂት ተናገሩ። አክስቴ የገዛ ንብረቷን በሽልማት ተቀበለች፤ እጅ ንሺ ተባለች፣ ነሣች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ድንጋዮቼስ?» አለች።

መረብ ያለ ክብደት አይሰምጥም። ድንጋይ መብሳት ጊዜ ይፈልጋል፤ አሳው ደግሞ መውጣት ጀምሯል። በማግስቱ ወታደሮቹ ተኩስ ከሚለማመዱበት ኮረብታ ሥር የጥይት ቀለህ ለቀምን። አክስቴ እያንዳንዱን ቀለህ በጭቃ ጠቅጥቃ ሞላች፤ ወገቡን በቃጫ አስራ ከመረቡ ሥር ደረደረችው። ያ ሰፈር ለአገር ያበረከተው ጠቃሚ ነገር፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ይኸው ነው።

መረቡን ከሰሌዳው ሥር ጣለችው። ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ አወቃትና ቆመ። አዛዡ በገዥው ፊት የሸለመውን መረብ እንዴት ይቀማ? ጥቂት አሰበና ፊቱን አዙሮ ሽንቱን ሸና። መረቡ ሲወጣ ለሁለታችን ከብዶን ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ የሻምበሉ አሽከር በጓሮ በኩል መጣ።

«ትልልቁን ምረጥ ብለውኛል» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «ከየት የተያዘ እንደሆነ ጠይቅም ብለውኛል።»

አክስቴ ከቅርጫቱ በጣም ትንሹን ፈልጋ አወጣችና በኮባ ቅጠል ጠቀለለችለት።

«ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው በላቸው» አለችው።