ከጣይባ የደበቁት መርዶ

ጣይባ ኢብራሂም ከጂዳ የተመለሰች ዕለት ወንድሟ ሙዐዊያ ሊቀበላት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነበር። ከዚያ እስከ ሸዋሮቢት ባለው መንገድ ስለ አባታቸው አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። የእሷ ወሬ ደግሞ አባቷ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት “አባባን አገናኙኝ” ባለች ቁጥር “ጆሮው ደክሟል፣ በስልክ አይሰማም” ይሏት ነበር። ለዚያ ጆሮ ስትል ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞራ የመስሚያ መሣሪያ ገዝታለች። በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ በመስኮት ገባ።

“አባባ ዘንድሮም ሽንኩርት ተከለ?” አለችው።

“ተተክሏል” አላት ሙዐዊያ፣ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሐምዲያ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጣይባ የናፍቆት መስሏት አብራ አለቀሰች። አባቷ የት እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ዘመድ ታሞበት ማጀቴ ከተማ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል ተባለች። በአባቷ አልጋ ላይ የማሾ ጆንያ ተጋድሟል። አባቷ እህል አልጋ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም። ሆኖም መንገዱ አድክሟት ስለነበር ብዙ ሳታስብ ተኛች።

ሱብሂ ተሰግዶ ሳያበቃ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከኋላቸው ነጠላና ሻሽ የተከናነቡ ሴቶች። ፊት የቀደሙት ጋሽ ለማ ናቸው፤ የአባቷ ባልንጀራ፣ ማሳቸው ከአባቷ ማሳ ጋር በአንድ ቦይ የሚጠጣ። ጣይባ ገና ሲገቡ ገባት። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለደግ ነገር የሚመጣ ሰው የለም።

“አባቴ ነው?”

“አዎ፣ ልጄ።”

“ማታ ነው? ማጀቴ?”

ጋሽ ለማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። የሚያግዛቸው አጡ። “ሁለት ዓመት ሆነው” አሉ።

ሴቶቹ አብረዋት ሊያለቅሱ ተዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን እንባ የሚባል አልመጣላትም። ብድግ አለች።

“ሁለት ዓመት? ጆሮው ደክሟል ስትሉኝ በሮመዳን መካ ሄጃለሁ እኮ! ካዕባ ፊት ቆሜ ‘ያረቢ፣ የአባቴን ጆሮ ክፈትልኝ’ ነው ያልኩት። አላህ ይርሐመው ማለት ሲገባኝ! በስሙ ኡምራ ላደርግለት ስችል! ከመሀላችን መካ ደጃፍ ላይ የነበረ ከእኔ ሌላ ማን ነበር?”

“ላንቺ ብለን ነው” አለች ሐምዲያ። “በሰው አገር ብቻሽን ልብሽ እንዳይሰበር።”

“ሲያመኝ ብቻዬን ነበርኩ። ስሰደብም፣ በጥፊ ስመታም ብቻዬን ነበርኩ። ያኔ ስለ ልቤ የጠየቀኝ የለም። አባቴ ሲሞት ነው ብቻዬን መሆኔ ትዝ ያላችሁ?” ወደ ጋሽ ለማ ዞረች። “አንቱስ ጋሼ? በስልክ ሰላም ስልዎ ‘ደህና ነው፣ ማሳ ላይ ነው’ አላሉኝም?”

“ደንብ ነው ልጄ” አሉ ቀስ ብለው። “በእጃችን ሳትገቢ እንዳይነገርሽ ብለን ነው።”

“አባቴ ውሸት አላስተማረኝም። ደንቡን ማን እንዳወጣው ይንገሩኝና እሱን ልጠይቀው!”



ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ አስጠላት። የባጃጁ ሾፌር፣ ሎሚ ሻጯ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። አንዳቸው “ፈጣሪ ያጽናሽ” ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል። ሰው ደግሞ “ጂዳ ልቧን አደነደነው፣ ለአባቷ እንኳ አላለቀሰችም” ይላል። ሰምታለች፤ ማስተባበልም አልፈለገች።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታቸው የነኢማ እናት አረፉ። የነኢማ ልጅ ናጅዋ ኩዌት ነው ያለችው፤ ያሳደጓትም እኚሁ አያቷ ናቸው። ቀብር ሳይወጣ “ለናጅዋ እንዳትናገሩ” የሚል ቃል ከጓዳ እስከ ድንኳን ዞረ። ጣይባ ጥርሷን ነክሳ ውኃ ስታቀርብ ዋለች። በማግስቱ ናጅዋ በስልክ ድምፅ ላከችላት።

“ጣይባዬ፣ ቤት ስልክ አያነሱም። አያቴ ደህና ናት? አንቺ አትዋሺኝም።”

ጣይባ ስልኩን ይዛ በቀጥታ ነኢማ ፊት ቆመች። “ጠይቃኛለች። ወይ አንቺ ንገሪያት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ።”

“በአላህ ይዤሻለሁ! ልጄን ልትገድዪብኝ ነው?”

“እንደ እኔ ለሙት ጤና ስትለምን ትኑር?”

ነኢማ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ጣይባ ወጥታ ከኒሙ ዛፍ ሥር ደወለች። ምንም ሳታሽሞነሙን ነገረቻት።  ናጅዋ ተቆጣች።

“ለምን ነገርሽኝ? እዚህ የት አለቅሳለሁ? ማዳሟ እንባ ካየች አትለቀኝም!”

ጣይባ ይሄን አልጠበቀችም። ቢሆንም የተናገረችው አልጸጸታትም። “መታጠቢያ ቤት ግቢ” አለቻት። “ቧንቧውን ክፈቺ። እኔ አልዘጋም።”

ከወዲያ ውኃው ሲንፏፏ ሰማች፤ ከሥሩ የታፈነ ለቅሶ። ልጅቱ እስኪወጣላት ድረስ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።

ነኢማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈገቻት። ሽማግሌዎቹም አስጠርተው ገሠጿት። “ጠየቀችኝ፣ መለስኩ” አለች እንጂ ይቅርታ አልወጣትም። ናጅዋ ግን ሳምንት ሳይሞላ ለእናቷ ደወለች። ማን አጠባት? በመጨረሻ ምን አለች? ጠርታኝ ነበር? እያለች አንድ በአንድ ጠየቀች። ነኢማም እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት።

ይህን የሰማችው ሐምዲያ አንድ ቀን ከልጇ ጋር ማሾ ሲለቅሙ፣ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች።

“አባትሽ ያን ቀን ውኃ ሊያጠጣ ወጥቶ ቶሎ ተመለሰ። ደረቴን ከበደኝ አለ። ‘ጣይባ ደውላ ነበር?’ ሲለኝ ‘ገና ናት’ አልኩት። ‘ስትደውል ቀስቅሱኝ’ ብሎ ጋደም አለ። በዚያው ቀረ።”

የጣይባ እጅ ማሾው ላይ ቆመ። “ደወልኩ ወይ?”

“ከቀብር ስንመለስ ደወልሽ። ሙዐዊያ ነው ያነሳው። ‘መስጊድ ሄዷል’ አለሽ።”

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ጮኻ አለቀሰች። ሐምዲያ ዝም አላሰኘቻትም፣ “በቃሽ” አላለቻትም።

ጣይባ ከሙዐዊያ ጋር ግን እስከ ዛሬ ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የላትም።