ዜሮ ላይ አላርፍ ያለችው ማሽን

ካዚሚር ድሮዝድ፣ ባጭሩ ካዝ፣ በዕድሜው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ አባቱ መሆን። አባትየው በቺካጎ ሰሜን ምዕራብ ሰፈር ስመ ጥር ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። በስተርጅና ካቻቢቴያቸውን ስኳር ዕቃ ውስጥ ከተቱና ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉት ዋሉ፤ ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ። ዓመት ሳይሞላ የገዛ ልጃቸው ስም ጠፋቸው። ያኔ ማንም አልሳቀም። ካዝ ስልሳውን ከተሻገረ ወዲህ ታዲያ፣ ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ኢሬና ዞር ስትልለት ስኳር ዕቃውን ከፈት አድርጎ ያያል። ስኳር ብቻ ነው። ይከድንና ሻዩን ይጠጣል።

በቀረው እንኳ ደፋር ሰው ነው። በወጣትነቱ ፒንቦል የሚባለውን የኳስ መጫወቻ ማሽን የሚሠራ ፋብሪካ ገብቶ ሙያውን ከአለቃው ከቦሌስዋቭ ተማረ። ቦሌስዋቭ ማለት ያለቦታው የታጠፈ ሽቦ ካየ ምሳ የማይበላ ሽማግሌ ነው። ኋላ አለቃ ጡረታ ወጣ፣ ካዝም በየመጠጥ ቤቱ እየዞረ ማሽን ጠጋኝ ሆነ። ከሁሉም የሚወዳት በሃሊና መጠጥ ቤት ጥግ የቆመችውን ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ የፈተሿት እሱና አለቃ ነበሩ። አዳዲሶቹ በኤሌክትሮኒክስ ሊሠሩ ነው እየተባለ በሚወራበት በዚያ ክረምት ጉድ ያፈላችበትም እሷው ናት።

ጤነኛ ስትሆን ነገሯ ቀላል ነው። ማስነሻውን ስትጫን ሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር ማጉረምረም ይጀምራል። ነጥብ የሚያሳዩት መንኮራኩሮች ቀጭ ቀጭ እያሉ ወደ ዜሮ ይዞራሉ። ከእያንዳንዱ መንኮራኩር ሥር ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አሉ፤ እስከ ዘጠኝ ድረስ ተነካክተው ይቆዩና ዜሮ ላይ ይላቀቃሉ። ሁሉም ሲላቀቁ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ኳሷም ብቅ ትላለች። አሁን ግን የአሥር ቤቱ መንኮራኩር ዜሮ ላይ ደርሶ ቅጠሎቹ አልላቀቅ አሉ። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል፣ ኳስ የለም።

ካዝ ማታ መጥቶ ጀርባዋን ከፈተ፤ ቅጠሎቹን በፒንሳ ራቅ አደረጋቸው፤ ሞከራት፤ ሠራች። በማግስቱ ሃሊና ደወለች። ሄደ። ቅጠሎቹ ተጠጋግተዋል። ራቅ አደረጋቸው። በማግስቱ ሃሊና ደወለች።

«ትናንት አርቄያቸው የለም እንዴ?» አለ ለራሱ። ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣበት። «ነው ወይስ ያራቅኩ መስሎኝ ነው?»

ሃሊና ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ትስቃለች። «ካዝ፣ ከዚህ ሁሉ ምልልስ ለምን አታገባትም? ኢሬናን እኔ አጽናናታለሁ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ ብቻ። የያዝኳት ማሽን በየቀኑ ተበላሸች ከተባለ ያሳፍራል።»

ቀልዱን ቀልድ አላለውም። ኧረ እንዴት ይበል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አባቱም ያልሠሩትን ሠራሁ ብለው ድርቅ ይሉ ነበር። ካዝ በልቡ ቆረጠ፤ ነገሩ ያ ከሆነ የማሽኖቹን ቁልፍ በሙሉ ያስረክባል፤ ከዚያም ኢሬናን አስቀምጦ ይነግራታል። ቁልፉን ማስረከብስ ግድ የለም። ለኢሬና መንገሩ ነው እንቅልፍ የነሳው።

ከማስረከቡ በፊት ግን አንድ ዘዴ መጣለት። የኢሬናን ቀይ የጥፍር ቀለም በኪሱ ይዞ ሄደ። ማሽኗን አስተካክሎ ጀርባዋን ዘጋና፣ መዝጊያው ከሳጥኑ በሚገጥምበት ላይ ቀለሙን ጠብ አደረገበት። በማግስቱ ማታ ቀለሙ ተሰንጥቋል። ሰው ከፍቷታል ማለት ነው። ማን? አባቱ በመጨረሻ ዘመናቸው ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥተው ይሄዱና የሄዱበትን አያስታውሱም ነበር። እኔው ራሴ ብሆንስ አለ ካዝ።

በነጋታው ጠዋት በረዶውን እየረገጠ ወደ ሃሊና መጠጥ ቤት ሄደ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል፤ እሷ ወለል ትወለውላለች። ከማሽኗ ጀርባ ደግሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፒንሳ ይዞ ያጎነበሰ ሽማግሌ አለ።

«አለቃ!»

ቦሌስዋቭ ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከሳጥኑ ጋር አጋጨ። «ምን ያስጮህሃል አንተ ልጅ! ልትገድለኝ ነው?»

«እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ምን እሠራለሁ፣ ቁርሴን ስበላ አንድ ሁለቴ እጫወታለሁ። ይቺ የአሥር ቤት ግን ዘጠኝ ላይ ተገትራ አልነቃነቅ ትላለች። ቅጠሎቹ ተራርቀው አይነካኩማ። ከሃሊና ቁልፍ ተቀብዬ አጠጋቸዋለሁ፤ ነገ ስመጣ ርቀው አገኛቸዋለሁ።» ሽማግሌው ወደ ሃሊና ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካዝ፣ በኢየሱስ ስም፣ ሰው እንዳይሰማ። ጭንቅላቴ ሳይከዳኝ አልቀረም። ያጠጋሁ ይመስለኛል፣ ግን ሳላጠጋ ነው የምሄደው መሰለኝ። ስንት ሌሊት ነው ያልተኛሁት።»

ካዝ የሚቀመጥበት አጥቶ የተደፋ ባልዲ ላይ ዘጭ አለ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አለቃ የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ። ማልቀሱስ እያለቀሰ ነበር፤ ግን እየሳቀም ነው።

«እኔ ነኝ አለቃ! ማታ ማታ የማርቃቸው እኔ ነኝ! እኔም እንደ አባቴ ልሆን ነው ብዬ...» አልጨረሰውም።

ቦሌስዋቭ ፒንሳውን ጣለና የጠፋ ልጁን ያገኘ ያህል አቀፈው።

ሃሊና መወልወያዋን ተደግፋ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። «እና? እኔኮ በፈረቃ የምትሠሩ መስሎኝ!»

«ለምን አልነገርሽንም?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ማን ጠየቀኝ? እሱ ‹ለካዝ አትንገሪው፣ ሥራዬን ናቀብኝ ብሎ ይከፋዋል› አለኝ። አንተ ‹ለማንም አትንገሪ፣ ያሳፍራል› አልከኝ። እሺ ብዬ አፌን ዘጋሁ። አሁን ደግሞ ጥፋተኛዋ እኔ ልሁን!»

ነገሩ ለካ ይኸው ነው። ካዝ ሲያርቅ ዜሮ ላይ መላቀቃቸውን እንጂ ዘጠኝ ላይ መነካካታቸውን አላየም። አለቃ ሲያጠጋ ዘጠኝን አየ እንጂ ዜሮን አላየም። ሁለቱም የየራሳቸውን በሽታ ፈውሰው የሌላውን ጀመሩ። ሁለት አዋቂ ለአንዲት ቅጠል!

አብረው አጎነበሱ። ካዝ በፒንሳ ያዘ፣ አለቃ በመነጽሩ አየ፤ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ! በቃ አልኩህ እኮ፣ አትሰማም ወይ?» እያለ። ሃሊና ማስነሻውን ተጫነች። ሞተሩ አጉረመረመ። መንኮራኩሮቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ዞሩ፤ የአሥር ቤቱ ዘጠኝን አለፈ፣ ዜሮ ላይ ደረሰ። ጸጥ። ኳሷ ብቅ አለች። ካዝ እፎይ አለ፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ለነገሩ የኔው ይሻል ነበር» አለ አለቃ።

ካዝ በረዶው ላይ እያፏጨ ቤቱ ገባ። ኢሬና ሻይ እየቀዳች ነበር። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ ማታ ማታ ያየውን ጭንቅ፣ ቀለሙን፣ ባልዲውን፣ የሃሊናን ፈረቃ። እሱ ይስቃል። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ትከሻውን ይዛ «ተመስገን» አለች፣ ደግማም «ተመስገን።» ከዚያ ስኳር ዕቃውን አቀረበችለት።

«ዛሬ አታየውም?»

ካዝ ክው አለ። «ታውቂ ነበር?»

«አንተ ከመነሳትህ በፊት በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ» አለች። «የሆነ ነገር ባገኝበት፣ ሳታየው ላወጣልህ ብዬ።»

ካዝ ዕቃውን ከፈተና ውስጡን ሳያይ ለሁለቱም ስኳር ጨመረ።