የጃርቲት ፊት

ሰዓሊው ጠረጴዛው ላይ መስታወት ያስቀመጠው መልኩን ለማየት አይደለም። ስለ መልኩማ እንደሱ ደንታ ቢስ ሰው የለም፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ የዋለበት ቀን አለ። መስታወቱ የሥራ ዕቃ ነው። የልጆች ካርቱን የሚስል ሰው፣ አውሬው ሲደነግጥ ራሱ ይደነግጣል፣ ሲስቅ ጥርሱን ያሳያል፤ ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ያየውን ቅንድብና ከንፈር ለአውሬው ያውሰዋል።

የሱ አውሬ ጃርቲት ናት። አገር ላገር እየዞረች ለልጆች ስለ ገበያ፣ ስለ ነፃነትና ስለ መልካም ጠባይ ታስተምራለች። ድንቿን ከኤሊ ጋር በማር ስትለውጥ፣ "ሁለታችንም ወደን ከተለዋወጥን ሁለታችንም አተረፍን" ትላለች። ጅብ አስገድዶ ሊያሠራት ሲመጣ እሾኋን ታቆማለች። "ምርጫው ያንተ ነው" የምትለው ነገር ከሰፈሩ ልጆች አፍ አይጠፋም። እናቶች "ገላህን ታጠብ" ባሉ ቁጥር ይኸው ስለሚመለስላቸው ሰዓሊውን ብዙም አይወዱትም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ፊቱ አልታዘዝ አለው። አላለቀሰም። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ "አቤት ጥንካሬ" ብሎ ሄደ። ምን ጥንካሬ አለ፤ ውስጡ ምንም አልነበረም። ሻይ ይቀዳለታል፣ ይጠጣል፤ ይቀዝቅዝ ይሙቅ አያውቅም።

የስቱዲዮው አለቃ፣ በሥራው ላይ ያረጀች ምላሰኛ ሴት፣ የካርቱኑን አዲስ ክፍል አይታ ጠራችው። "ጃርቲት ማር ስትቀምስ የመብራት ቢል የምታነብ ነው የምትመስለው" አለችው። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከኤሊ የምትሰናበትበትን ቦታ እንኳ እስከ ሰኞ አስተካክልልኝ፣ ወንድሜ" አለች።

ቤት ውስጥም ስንብት ነበር። የሟቿ እህት፣ "ልጅቷ ሳቅ ጨዋታ ባለበት ቤት ትደግ፤ እኔ ልውሰዳት" ብላ ነበር። ሰዓሊው ልጁን፣ ሚጢጢ የሚሏትን፣ አጠገቡ አስቀምጦ ነገሩን ነገራትና "ምርጫው ያንቺ ነው" አላት። ነፃነቷን ያከበረ መስሎት ነው። ሚጢጢ "እሺ" ብላ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። አክስቷ እሁድ መጥታ ልትወስዳት ተቀጠረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰዓሊው ቤቱ መስታወቱ ፊት ተቀመጠ። ጃርቲት ኤሊን ተሰናብታ የምታለቅስበትን ቦታ ነው የሚሠራው። ከንፈሩን ጣለ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ። መስታወቱ ውስጥ ጥርሱን የታመመ ሰው አየ። ሚጢጢ በሩን ተደግፋ ስታየው ቆየች።

"አባዬ፣ እንደሱ አይደለም የሚለቀሰው።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ተነስ፣ እኔ ልሥራልህ።"

ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከንፈሯን ብቻ አሾለች። ቀጥሎ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫዋ ቀላ። ሰዓሊው መሳል ጀመረ። እጁ እንዲህ ከታዘዘለት ቆይቷል። "አገጭሽን ትንሽ ቀና" አላት፤ ቀና አደረገች። አንዱን ወረቀት ጨርሶ ሌላ አነሳ፣ ሌላም ደገመ።

"በቃ፣ ጎበዝ። ጨረስኩ" አላት።

አላቆመችም።

እርሳሱን አስቀመጠ። "ሚጢጢ?"

"ቅሪ አላልከኝም" አለች መስታወቱን እያየች። "ምርጫው ያንቺ ነው አልከኝ። ጃርቲት እንደዛ የምትለው ድንች ለምትለውጠው ሰው ነው።"

ሰዓሊው ሲስለው የቆየው ለቅሶ የልጁ የገዛ ለቅሶ እንደነበር የገባው ገና አሁን ነው።

"እንድትቀሪ እፈልጋለሁ" አላት። ድምፁ ግን ሰዓት ተጠይቆ የሚመልስ ሰው ድምፅ ነበር።

ሚጢጢ መስታወቱ ውስጥ አባቷን መረመረችው። "ፊትህ ምንም አላለም።"

"አውቃለሁ። ፊቴን አሞኛል፣ ልጄ። ያልኩሽ ግን እውነቴን ነው። ቅሪልኝ።"

"ድገመው።"

"ቅሪልኝ።"

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ከወንበሩ ወርዳ ወደ ክፍሏ ሄደች። ሰዓሊው ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። ከሻንጣው ሹራቧን አወጣች፣ ቀሚሷን አወጣች፣ እያጣጠፈች ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል፤ ደስታው ግን አልመጣም። 

"አባዬ" አለች ፊቷን ሳታዞር፣ "እስኪሻልህ ድረስ ፊቱን እኔ እሠራልሃለሁ።"