ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ መነሳት

መስከረም 4 ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ፊት፣ አንድ ሞተር ሳይክል ከነሁለት ሰው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ወደቀ። ነጂው እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት የልጅነት የቅኔ መምህሬ ነበሩ። የሞተ የለም። የመምህሬ ጉልበት ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ቆባቸው ጭቃ ውስጥ ገባ።

የሌላ ሰው አደጋ ቢሆን ከዚህ በላይ ሳልጨምር ዜናውን ለሬዲዮ እልከው ነበር። የራሴ ስለሆነ ግን ምክንያቱን መመርመር ግድ ሆነብኝ።

በእኛ አገር ሰው በበቅሎ ላይ ተቀምጦ በደጀ ሰላም ፊት አያልፍም። ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ተመልሶ ይወጣል። ለሞተር የተለየ ደንብ አልወጣም። ይህ ደጀ ሰላም ደግሞ የቆመው የዳገቱ እኩሌታ ላይ ነው፤ ከመንደሩ ወደ አስፋልት የሚያወጣው መንገድም እሱ ብቻ ነው። ቆምኩ። መምህሬ ወርደው ተሳለሙ። እኔም ሁለት እግሬን መሬት አድርጌ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ተመልሰው ሲወጡ ፍሪሲዮኑን፣ በግራ እጅ የሚጨበጠውንና የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ጎማ የሚያገናኘውን መያዣ፣ ባንዴ ለቀቅሁት። ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ መሄድ ስንጀምር ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። የፊት ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተና ወደቅን።

ስንሄድ የነበረው ፍኖተ ሰላም፣ ዓይናቸውን ለማስመርመር ነው። ያን ዕለት አራት ገበሬዎች ሞተሩን ገፉ፤ መምህሬ በሰው ትከሻ ተደግፈው ዳገቱን ወጡ። ምርመራው የዓይን ሞራ መሆኑን አረጋገጠ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች መስከረም 18 መጥተው ሦስት ቀን እንደሚቆዩ፣ የእሳቸውም ተራ የመጀመሪያው ቀን እንደሆነ ተነገረን። ያ ቢያልፍ ሐኪሞቹ መቼ ይመለሳሉ ብዬ ጠየቅሁ። የሚያውቅ አላገኘሁም።

በማግሥቱ ጉልበታቸው አበጠ። በእግር ዳገቱን መውጣት ከዚያ በኋላ የማይታሰብ ሆነ። በቅሏቸው ሐምሌ ላይ ሞታለች።

መስከረም 6 ቀን ጎጇቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ቅኔ ለማስቆጠር ዓይን አላስፈለጋቸውም፤ ደቀ መዛሙርቱን አሁንም ያስተምራሉ። የሚፈልጉት ዳዊታቸውን እንደገና ራሳቸው ማንበብ ነው። መጽሐፉ ከራስጌያቸው ተሰቅሏል።

«የኔታ፣ ጎረቤቶችዎ በቃሬዛ እናውጣቸው ይላሉ» አልኳቸው።

«በቃሬዛ የሚወጣ ወደ መቃብር የሚሄድ ነው። እኔ ገና ነኝ።»

«በቅሎ ልዋስ?»

«የማላውቃት በቅሎ ላይ በዚህ ዕድሜዬ አልወጣም። በሞተርህ እመጣለሁ።»

ደስ አለኝ። ያልታሰበበት ነገር መናገር የጀመርኩት ያኔ ነው። «እንግዲያውስ ደጀ ሰላሙ ላይ ሳንቆም ባንዴ ብናልፍ…»

«ስድሳ ዓመት ወርጄ ያለፍኩትን ደጅ፣ አንተ ሞተር ማስነሳት ስላቃተህ ተቀምጬ አላልፈውም።» ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ቅኔ ስትማር ስንት ጊዜ ተሳሳትክ?»

«ብዙ ጊዜ፣ የኔታ።»

«ስንት ጊዜ ተገረፍክ?»

«እሱ ይበልጣል።»

«ሞተሩ እንኳ አይገርፍህም። አሥራ ሁለት ቀን አለህ። ተማር።»

ሞተሩን መሥሪያ ቤቴ ከሰጠኝ ገና አራት ወሩ ነበር። የለመድኩት በፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ፣ በደረቅና በሜዳ ነው። መንጃ ፈቃዴ ውስጥ ስለ ጭቃ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ በማግሥቱ ቡሬ ሄድኩ። እዚያ በአንድ ዘገባ ሰበብ የማውቃት የከብት ሐኪም አለች። ክረምት ከበጋ የክትባት ሣጥኗን ከሞተሯ ኋላ አስራ፣ ባጃጅ ሰምቶት የማያውቀው ቀበሌ ድረስ ትዘልቃለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ አንድ ጊዜ አስነስቼ አሳየኋት። አንድ ጊዜ በቃት።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን እባብ እንደያዘ ሰው ነው የሚለቁት» አለች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነዳጅ እንዳልሰጥ ከለከለችኝ። ሥራዬ በሁለት ጣት ይዤ፣ ፍሪሲዮኑን በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቅሁ፣ የሚይዝበትን ቦታ ማግኘት ብቻ ነበር። ሲይዝ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ የሞተሩ ጀርባ ትንሽ ይቀመጣል። እዚያ ላይ እጄን አቁሜ እስከ አሥር መቁጠር አለብኝ። ቀጥሎ ከሰው እርምጃ ሳልበልጥ ሜዳውን ማቋረጥ። በቆሎ የጫነች አህያ ከጎኔ ታልፍ ነበር።

ከመጋዘኑ በር ላይ ከተቀመጡት ጫኞች አንዱ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ጡሩምባ ይንፉላት እንጂ! አህያዋ እኮ መንገድ እየጠየቀች ነው!»

ሐኪሟ ለእሱ መለሰችለት፦ «የዛሬው ትምህርት እሱ ነው። አህያ መቅደም አንተም ትችላለህ፤ መቀደም ነው የሚከብደው።»

ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ መስከረም 8፣ አርባ ሙከራ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ ጠፋ። መስከረም 11፣ አርባ ሙከራ፣ ሰባት ጊዜ ጠፋ። ከሥራ በፊት ሁለት ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት እሠራለሁ። ግራ እጄ ብዕር መያዝ ባይጠበቅበትም የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው።

መስከረም 13 ወደ ዳገት ተሸጋገርን። የበቆሎ ጆንያ ከኋላዬ አሰረች፤ ሁለት ጀሪካን ውኃ መንገዱ ላይ ደፋች። ዳገት ላይ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ግራ እግር መሬት ላይ፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ። ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ በዝግታ መልቀቅ። ሲይዝ ፍሬኑን መልቀቅ። ነዳጅ በመጨረሻ፣ እሱም በመጠኑ። ጭቃ ላይ ነዳጅ ያበዛ ሰው ጎማውን እንጂ ራሱን አያንቀሳቅስም።

ይህን አውቄም መስከረም 14 ነዳጅ አበዛሁ። መንሸራተቱን ስለፈራሁ ሞተሩን እያስጮህኩ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዤ ብዙ ቆየሁ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም።

ሐኪሟ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አሸተተችው። «የፍሪሲዮኑ ሸራ ሄደ። ጋሼ፣ እኔ የታመመ በሬ ነው የማድነው፤ ይኼ ከእጄ ወጥቷል።»

«ሳትቆሙ ብታልፉ እግዜር ይቅር አይልም ወይ?» ብላ የጠየቀችኝም ያኔ ነው።

«እግዜርስ ይለኛል። የኔታ አይሉኝም» አልኳት።

ሸራ ፍለጋ ፍኖተ ሰላም ጠየቅሁ፤ የለም። ቡሬ አንድ ሱቅ ውስጥ መስከረም 16 ጠዋት ተገኘ። የመካኒኩ የደመራ ችቦ ከጋራዡ ደጅ ተደግፎ ነበር። «ደመራ ሳይለኮስ እጨርሳለሁ፤ ከተለኮሰ ግን እስከ 18 አትፈልጉኝ» አለ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጨረሰ። ሜዳው ላይ ወስጄ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ አስነሳሁ፤ ሦስት ጊዜ ጠፋ። አዲሱ ሸራ የሚይዝበት ቦታ ሌላ ነው። ጣቴ የተማረው የድሮውን ነበር። የቀረኝ አንድ ቀን ነው፤ እሱም መስቀል ነው።

የመስቀል ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ሰው አልነበረም። ከፊተኛው ትምህርት ጀመርኩ፤ ያለ ነዳጅ፣ በሁለት ጣት። አራት ሰዓት ገደማ ሐኪሟ መጣች። ነጭ ልብሷን ለብሳለች፤ ጫማዋ ግን የሥራ ቦቲዋ ነው።

«ቤታችን ሥጋ ተቆርጦ እኔ እዚህ ነኝ። ጆንያውን ያውርዱት» አለች።

«ለምን?»

«ጆንያ ከታሰረ በኋላ አይንቀሳቀስም። እሳቸው ግን ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ሞተሩን የሚያናጋው እሱ ነው። እኔ ልውጣ፣ ልውረድ።»

ሃያ ጊዜ ወረደች፣ ሃያ ጊዜ ወጣች። እየወጣች ሆን ብላ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር። «የኔታ ከዚህ ይከብዳሉ ወይስ ይቀላሉ?» ስትል ጠየቀች። በአካል እንደሚቀሉ ነገርኳት። ከሃያው አንድ ጊዜ ጠፋብኝ። አሥራ አራተኛው ላይ ነው።

መስከረም 18 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ከመንደሩ ተነሳን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። መምህሬ በሁለት እጃቸው ወገቤን ይዘዋል፤ ጉልበታቸው በነጠላ ቅዳጅ ታስሯል። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ያን ጊዜ ሞተሩን ከገፉት ገበሬዎች ሁለቱ ቀድመው ቆመው አገኘናቸው። ዱላቸውን ጥለው ከኋላችን ተሰለፉ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ መምህሬ ድምፅ ሰምተው።

«ምናልባት ቢመለስ እንድንይዝዎ ነው፣ የኔታ።»

«ወደ ፊት ሂዱ። ከኋላው ቆማችሁ ውድቀቱን አትጠብቁበት።»

ሰዎቹ ወደ ፊት ሄዱ። መምህሬ ወርደው በአንዱ ክንድ ተደግፈው ተሳለሙ፤ አልቸኮሉም። እኔ ቀኝ እግሬን ከኋላው ፍሬን ሳላነሳ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ሲወጡ ሞተሩ ወደ ግራ አዘነበለ፤ እግሬ ጭቃው ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ሰመጠና ቆመ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግሁት። ድምፁ ዝቅ አለ። ጀርባው ተቀመጠ። ፍሬኑን ለቀቅሁ።

ወደ ኋላ አልሄደም። የኋላ ጎማው አንድ ጊዜ ዞሮ ጭቃ ረጨ፤ ነዳጅ ልሰጥ እጄ ተነሳሳ፤ ተውኩት። ፍሪሲዮኑን መልሼ ጥቂት ጨበጥኩ፣ ለቀቅሁ። ጎማው ያዘ። በሰው እርምጃ ፍጥነት ወጣን። ከገበሬዎቹ አንዱ ከጎናችን እየተራመደ፣ «እኔ እቀድማችኋለሁ» ሲል ሰማሁት።

«ቅደም» አሉት መምህሬ።

2 ሰዓት ከ25 ላይ አስፋልት ወጣን። የቀኝ ዓይናቸው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታከመ። በማግሥቱ ፋሻው ተነሳ። ግራው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

መስከረም 20 ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ስንመለስ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆምኩ። መምህሬ ወርደው ተሳለሙ። ከዚያም በሩ አናት ላይ ወደተጻፈው ቀና ብለው፣ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ጽሑፉ ሰባት ቃል ነው። ስድስቱን በትክክል አነበቡ።