ፊቷን ያዞረችው ወፍ

የእህቴ ዓይን ቢጫ ሆነ ብለው ሲደውሉልኝ ቢቸና ቤቴ ተቀምጬ ስለሌሉ ወፎች እየጻፍኩ ነበር።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ወፍ ሰብስቤያለሁ። ራሷን አቃጥላ ከአመዷ የምትነሳውን የግሪኮች ወፍ፣ የሕንዶቹን እባብ አሳዳጅ ጋሩዳ፣ ክንፉን ሲያራግብ ነጎድጓድ የሚያሰማውን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወፍ፣ ዝሆን በጥፍሩ አንጠልጥሎ ይበራል የተባለለትን የዐረብ መርከበኞች ወፍ። ሰው መብረር ሲያቅተው ፍርሃቱን ክንፍ አስወጥቶ ለቀቀው የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር። ሰው ሁሉ የሚወደውን ነገር አለመውደድ የቆየ አመሌ ነው፤ እነዚህን ወፎች እያደነቁ የሚጽፉትን ሁሉ በአንድ ድርሰት ልሸነቁጣቸው ተዘጋጅቻለሁ።

የደወለችው ሞጣ ያለችው የእህቴ ጎረቤት ነበረች።

«እትዬን የወፍ በሽታ ይዟቸዋል» አለችኝ። «ዓይናቸው እርድ መስሏል። ትናንት ሆስፒታል አስገብተናቸዋል፤ መርፌ ግን አልወጋም ብለው እምቢ አሉ።»

የወፍ በሽታ የምንለው ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ነው። በእኛ አካባቢ የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው ይታመማል ይባላል። መድኃኒቱ ቅጠል ነው፣ ሐኪም አያውቀውም ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው መርፌ ከነካው በዚያው ዕለት ይሞታል ይባላል።

እህቴ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ቅኔ ቤት ስላክ እሷ ገበያ ወጣች። እኔ ቅኔውን ትቼ አስኳላ ስገባ ደብተሬን የገዛችልኝ ከእህል ንግዷ ነው። ዛሬም ሞጣ ላይ እህል ትነግዳለች፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ጆንያ ውስጥ ከትታ ስንዴው የየት አገር እንደሆነ ትናገራለች። በክርክር አሸንፌያት አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቄ ሚኒባስ ያዝኩ። ጉንደ ወይን ላይ ሰው ለመጫን ስንቆም አንድ አሞራ ከገደሉ በኩል ወጥቶ በላያችን ዞረ። ጥላው በመስኮቱ ገብቶ በጭኔ ላይ አለፈ። እግሬን ሰበሰብኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ስለማይኖሩ ወፎች አርባ ገጽ የጻፍኩት ሰው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦታ የለቀቅኩላቸው መስሏቸው አመሰገኑኝና ዘንቢላቸውን አስጠጉ።

ሆስፒታል ስደርስ እህቴን መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። የዓይኗ ነጭ የሚባለው ነገር የለም። የማውቀው ፊት ላይ የማላውቀው ዓይን ተተክሎ አየሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሊቁ መጣ» አለች። ትኩሳቱ ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል። «ምነው ጠቆርክ? የታመምኩት እኔ አይደለሁ?»

«እታለም፣ መርፌውን ለምን እምቢ አልሽ?»

«ልሞት ነው እንዴ እዚህ የመጣሁት?»

ነርሷ ከወሎ የመጣች ወጣት ናት፤ ነጭ ጋወኗን በጥቁር ሒጃብ ላይ ደርባለች። በሽተኛው ሁሉ ሲስተር ይላታል። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ» ብላ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ።

«ዶክተሩ እንደሚለው የሐሞት ጠጠር ነው፤ መተላለፊያውን ዘግቶባቸዋል። ለኦፕራሲዮን ባሕር ዳር እንልካቸዋለን። ትኩሳቱ ግን ኢንፌክሽን ነው። ዛሬ በደም ሥር መድኃኒት ካልጀመርን ደማቸው ውስጥ ይገባል።»

«ከገባስ?»

አንገቷን ደፍታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች። «ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ይመለሳል» አለች በመጨረሻ። «እምቢ ካሉ አልፈልግም ብለው ይፈርማሉ። እኛ በግድ አንወጋም።»

ያን ጊዜ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ተመልሼ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ጉበት፣ ስለ ሐሞት፣ ቢጫው ከየት እንደሚመጣ አስረዳኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ሉካንዳ ከፈትክ እንዴ?» አለችኝ።

አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ የተኙት ሴትዮ ቁስላቸውን ይዘው ሳቁ። በቀጥታው መንገድ እንደማይሆን ስለገባኝ በሌላ ዞርኩ። ከምሰበስባቸው ወፎች መካከል ከግሪክ ወደ ግእዝ በተመለሰ ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍ ውስጥ ያገኘኋት አንዲት ነበረች። መላ አካሏ ነጭ ነው። ወደ ሕመምተኛ ያቀርቧታል። ትክ ብላ ካየችው ሕመሙን በዓይኗ ስባ ትወስድና ወደ ፀሐይ በርራ ታቃጥለዋለች። በግሪኮቹ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለች ወፍ በተለይ ለዚህ ለቢጫው ሕመም ትፈለግ ነበር። ይህን ነገርኳትና «እዚህም ያው ነው፤ ግሉኮሱን እንደዚያች ወፍ ቁጠሪው፣ ሕመሙን ስቦ ይወስደዋል» ልላት ነበር ዕቅዴ።

እህቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ስለ ጉበት ሳወራ ያልነበረ ብርሃን ፊቷ ላይ መጣ።

«ከጻድቁ ዓይን እንባ እንደጠጣችው ወፍ ናታ! ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ እንዳለችው።»

«እንደሷ፣ አዎ።»

«ካላየችውስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ማንም ጤነኛ ሰው ዝም ይል ነበር። ግን የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታ የማይምሩት ነገር ቢኖር ንባብ መቁረጥን ነበር፤ የጀመርከውን ሳታደርስ መቀመጥ አይቻልም፣ ግማሽ አድርሶ የቆመ ተንበርክኮ ይውላል። ከዚያ ቤት ከወጣሁ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጾሙን ትቻለሁ፣ ዜማውን ረስቻለሁ፤ ይህ ግን ጉልበቴ ውስጥ ቀርቷል። የቀረውን ንባብ አወጣሁት።

«ካላየችውማ ይሞታል። ፊቷን ካዞረች አይተርፍም።»

ቃሉ ከአፌ ሳይደርቅ አንዲት ርግብ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አረፈች። የሆስፒታሉ ጣሪያ ርግብ ሞልቶታል፤ አብዛኞቹ ግራጫ ናቸው። ይቺ ነጭ ነበረች። አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ጀርባዋን ሰጠችን። እንዲያ ሆና ቆይታ በረረች።

«አየኸው?» አለች እህቴ ቀስ ብላ።

«ርግብ እኮ ናት።»

«ነጭ ናት።»

«እታለም፣ የርግብ ዓይኖች በጎንና በጎን ናቸው። ደህና አድርጋ የምታይሽ ፊቷን ዘወር ስታደርግ ነው።» ይህ እውነት ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ክርክር እኮራበት ነበር።

«ጅራቷም ላይ ዓይን አላት?»

ከዚያ ጋቢዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከጋቢው ሥር «የንስሐ አባቴን ጥራልኝ» አለች። አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ በዚህ ጊዜ አልሳቁም፤ አማተቡ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። የምጽፈው ነገር ሁሉ እውነት ለመናገር ነው ስል ኖሬያለሁና እዚህም አልደብቅም፤ ርግቧ ስትዞር እኔም እህቴ ሞተች አልኩ በልቤ። ሐኪሙን ሳይሆን ርግቧን አመንኩ።

ለሲስተሯ የሆነውን ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ወፍ ይቺን መረጡላቸው? በቁርኣን ያለችውን የሰሎሞንን ሁድሁድ አይነግሯቸውም ነበር? እሷ እንኳ ወሬ ይዛ ትመጣለች እንጂ ሰው አትገድልም።»

«የእናንተዎቹ ወፎች የዋሆች ናቸው ማለት ነው?»

«እሱስ አይደሉም። የዝሆን ሠራዊት በድንጋይ የፈጁ ወፎች አሉን።»

«የማን ሠራዊት ነበር?»

«የእናንተ» አለችና ሳቋ አመለጣት። «የሐበሻ። የኛ ማለቴ ነው።» ወዲያው ኮስተር አለች። «ሰዓቱ ሄደ፣ ጋሼ። ያችኑ ወፍ ያምጧት እንግዲህ፤ ሌላ ምን እላለሁ?»

እሷ ለቀልድ ያለችውን እኔ ይዤ ወጣሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ስንዴ በፌስታል ገዛሁ። ተመልሼ መስኮቱን ከፍቼ ውጪው ጠርዝ ላይ በተንኩት። እህቴ እንደተሸፈነች ናት፤ ትንፋሿ ፈጥኗል። ሦስት ርግቦች መጡ። ሦስቱም ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ለቀሙ። ሦስት ጊዜ ሞት የተፈረደባት መሰለኝና ሁሉንም በጋዜጣ አባረርኩ። ሰባት ሰዓት አልፏል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ አንድ አዛውንት አስታማሚ እኔን አይተው ከበሩ ተመለሱ።

ወፍ ወደሚበላው ነገር ይዞራል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር። ስንዴውን ከውጪው ጠርዝ ጠራርጌ በውስጠኛው በኩልና አልጋው አጠገብ ባለው ኮመዲኖ ላይ አፈሰስኩ። ከዚያ ግድግዳው ሥር ተጣብቄ ቆምኩ።

ነጯ እስክትመጣ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። መጣች። ጠርዙ ላይ ቆመች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ዘለለችና ኮመዲኖው ላይ ወጣች። እህቴ ኮቴዋን ሰምታ ጋቢውን ገለጠች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር። ርግቧ ራሷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየቻት። ቢጫው ዓይንና ቀዩ ዓይን ተያዩ።

ርግቧ አንድ ፍሬ ለቀመችና ወጣች።

እህቴ እጇን ዘርግታ ከኮመዲኖው ጥቂት ፍሬ አነሳች፤ በጣቶቿ አሸችው።

«ይህ የጉንደ ወይን ስንዴ ነው» አለች።

ባዶውን ፌስታል ወደ ኪሴ ከተትኩ።

«ከበሩ ፊት ለፊት ነው የገዛኸው። ያ ባለሱቅ ከእኔ ነው የሚረከበው። በገዛ ስንዴዬ አስመሰከርክልኝ?»

ግድግዳውን ለቅቄ ስወጣ እጄን አየችው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጥህ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ወፍ ነው የምትፈራው? ወፍ ውሸት ነው እያልክ አይደል የምትጽፈው?»

«እንዳትሞቺ ነው የምፈራው» አልኳት። በሃምሳ ዓመቴ እንደዚያ ያለ ቃል ለእሷ ተናግሬ አላውቅም።

ፍሬውን አንድ በአንድ ኮመዲኖው ላይ መለሰችው። ከዚያ የእጅጌዋን ቁልፍ ፈታች።

«በል ልጅቷን ጥራት።»

ሲስተሯ ትሪዋን ይዛ ስትመጣ ሌላው ነገር መጣብኝ። እኔ መርፌ ማየት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም። ክንዷ ሲታሰር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ። «ወዴት ነው የምትዞረው? ወደ እኔ እይ!»

ዞርኩ። በነጻው እጇ ጣቶቼን ጨመቀች። መርፌው ሲገባ፣ ደሙ ቱቦው ውስጥ ብቅ ሲል፣ ፕላስተሩ ሲለጠፍ ቢጫ ዓይኗን እያየሁ ቆየሁ። ሲስተሯ «ጨረስኩ፣ እናቴ» ካለች በኋላም አልተንቀሳቀስኩም። በዚያው ዕለት ይሞታል ይባላልና ዕለቱ አላለቀም ነበር። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ብድግ እል ነበር። «ተቀመጥ፣ አለሁ» ትለኛለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን ወረደ። ባሕር ዳር ጠጠሩን አወጡላት፤ ቢጫው ከዓይኗ ቀስ በቀስ ለቀቀ።

አሁን ሞጣ በሄድኩ ቁጥር መጋዘኗ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታሪኩን ለሰው ስታወራ አገኛታለሁ። ነጭ ወፍ በመስኮት ገብታ ትክ ብላ አየቻት፤ በዚህም ድፍረት አግኝታ መርፌውን ተወጋች። ሰሚው ያማትባል። ስንዴውን አትጠቅስም። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ ታየኛለች፤ እኔም ጉልበቴን ይዤ ዝም እላለሁ።